ደብዳቤ ለልጄ፦ ከመርከቡ በፊት የሰዓት ሰሌዳውን እዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለማህሌት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሞስኮ ተነስተው በየምሽቱ ኮንሰርት እያሰሙ በቮልጋ ወንዝ የሚወርዱትን፣ የላክሽልኝን የሁለቱን መርከቦች ማስታወቂያ አገላብጬ አየሁት። አንዱ አዲስና የሚያብረቀርቅ፣ በየክፍሉ በረንዳ ያለው፤ ሌላው አሮጌ፣ ግን ጉዞው በሁለት ቀን የሚረዝም። «የቱን ልያዝ?» ብለሽኛል። ፎቶውን ተዪውና የሰዓት ሰሌዳውን አንብቢ። በየከተማው ስንት ሰዓት ይቆማል? ኮንሰርቱ ስንት ሰዓት ይጀመራል? በዚያ ሰዓት መርከቡ የት ላይ ነው? የቮልጋ ጉዞ የሚያምረውም የሚበላሸውም በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው። አዲሱ መርከብ ኡግሊች በምትባለው ከተማ የሚቆመው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ አሮጌው ሦስት ሰዓት ተኩል ይሰጥሻል። አሮጌውን ያዢ።

ሰሌዳው ላይ 20፡00 ያለው በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑን ሞስኮ ከከረምሽ ወዲህ አልነግርሽም። የማታውቂው ነገር፣ የወንዝ መርከቦች የትም ይድረሱ የትም የሚሠሩት በሞስኮ ሰዓት መሆኑን ነው። በዚህ መስመር ለውጥ የለውም። ወደፊት ወደ ሳማራ ብትወርጂ ግን ከተማው በአንድ ሰዓት ይቀድምሻል፤ ያኔ ከተማ ውስጥ ያለውን ሰዓት አይተሽ ቀጠሮ እንዳትይዢ።

አሮጌው መርከብ ሩሲያኖቹ በቁጥሩ «588» ከሚሉት ወገን ነው፤ በ1950ዎቹ ምሥራቅ ጀርመን፣ ቪስማር ላይ ከተሠሩት። (ዓመቱን ሁሉ የምጽፍልሽ በእነሱ አቆጣጠር ነው።) ርዝመቱ 96 ሜትር ገደማ ነው፤ ግድግዳው እንጨት ለብሷል፣ ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ክፍል ስትይዢ ከመሃል ወደ ፊት ያለውን ጠይቂ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ነው፣ እዚያ የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ታችኛው ደርብ ዋጋው ይቀንሳል፣ መስኮቱ ግን ክብና የማይከፈት ነው። ላይኛው፣ «ሽሉፖችናያ» የሚሉት፣ ሰፊ መስኮት አለው፤ ነገር ግን መስኮቱ ወደ መተላለፊያው ስለሚከፈት ሰው ሁሉ አጠገብሽ ይንሸራሸራል፣ መጋረጃ ዘግተሽ ልትውዪ ነው። መካከለኛው ደርብ ይሻላል። በእነዚህ አሮጌ መርከቦች አንዳንዱ ክፍል የእጅ መታጠቢያ ብቻ ነው ያለው፣ ሻወሩ የጋራ ነው፤ ከመክፈልሽ በፊት የክፍሉን ቁጥር ይዘሽ ይህንኑ አረጋግጪ። የሻይ ማፍያ ክፍል ውስጥ መሰካት ክልክል ነው። የፈላ ውሃ በየደርቡ ካለው «ቲታን» ከሚሉት ማፍያ ይቀዳል፤ ክዳን ያለው ኩባያ ይዘሽ ሂጂ።

ወደ ሙዚቃው ልምጣ። «በየምሽቱ ክላሲካል ኮንሰርት» የሚለው ቃል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዱ ሰው እየበላና እያወራ ከጀርባ የሚንቆረቆር የሆቴል ፒያኖ ነው። ሌላው በሩ ተዘግቶ፣ ባሩ መሸጥ አቁሞ፣ ለ50 ወይም ለ60 ደቂቃ ያለ እረፍት የሚሰማ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ ሙዚቀኞቹ እነማን እንደሆኑና ስንት እንደሆኑ፣ የየምሽቱ ፕሮግራም በጽሑፍ ይገኝ እንደሆነ፣ በኮንሰርቱ ሰዓት ባሩ ይሠራ እንደሆነ። ፕሮግራሙ «ገና አልወጣም» ካሉሽ የሆቴል ፒያኖ ነው።

ፕሮግራሙ ከተላከልሽ ደግሞ ቅደም ተከተሉን እዪ። ፒያኖ ከውሃ አየር ጋር አይስማማም። እንጨቱ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ የድምፅ ሰሌዳው ወደ ላይ ይገፋል፣ ክሮቹ ይወጠራሉ፤ አየር ማቀዝቀዣው ሲያደርቀው ደግሞ ይላላሉ። ነገሩ መጀመሪያ የሚታወቀው መሃለኛው የቁልፎች ክፍል ላይ ነው፣ ዜማው ሁሉ በሚኖርበት። ሞስኮ ላይ ተቃኝቶ የተነሳ ፒያኖ አራተኛው አምስተኛው ቀን ላይ መዛባት ይጀምራል። ስለዚህ ፒያኖ የሚበዛባቸው ከባድ ሥራዎች በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች፣ የክር መሣሪያዎቹ ኳርቴት (አራት ሰው የሚጫወተው) ወደ መጨረሻው ከተመደበ አዘጋጁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ቫዮሊን ተጫዋች ክሩን በየሙዚቃው መካከል ይቃኛል፤ ፒያኖ ተጫዋች የተሰጠውን ይዞ ይቀራል፤ እሱን አትውቀሺው።

የሙዚቃ ሳሎኑ አብዛኛውን ጊዜ የመርከቡ ፊት ላይ ነው፣ ለዚህም ምክንያት አለው፤ ከሞተሩ በጣም የራቀው ቦታ እሱ ነው። ጣሪያው ግን ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ምንጣፍ፣ መስኮቱ መጋረጃ ስለሆነ ድምፅ ይዋጣል። ከኋላ ከተቀመጥሽ ቀጭኑ ድምፅ መጋረጃው ላይ ይቀራል፣ ወፍራሙን የቼሎ ድምፅ ደግሞ የሞተሩ ጉርምርምታ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ የፒያኖውን ቁልፎች የምታዪበት ቦታ ተቀመጪ። ለዚህ 20 ደቂቃ ቀድመሽ መግባት አለብሽ፤ ለዚያ ደግሞ ራትሽን ቀድመሽ መብላት አለብሽ። ራት በሁለት ፈረቃ ከሆነ ስትሳፈሪ ወዲያው «የመጀመሪያውን ፈረቃ» በዪ፤ ሁለተኛው ፈረቃ ጣፋጩን ሳይጨርስ ኮንሰርቱ ይጀመራል፣ ጥሩ ወንበርም ያልቃል።

የኮንሰርቱን ሰዓት ከመርከቡ እንቅስቃሴ ጋር የማያስተያይ አዘጋጅ ሙዚቃውን ይገድለዋል። መርከብ ወደብ ሲጠጋ ሞተሩ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚቀያየር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። በአዳዲሶቹ መርከቦች ደግሞ አፍንጫው ላይ ጎን የሚገፋ ሞተር አለ፤ ያ ሲነሳ ልክ ከሳሎኑ ስር ወፍጮ የተነሳ ይመስላል። አዲሱን መርከብ ያልመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዚያ ላይ ማስታወቂያ የሚናገረው ድምፅ ማጉያ አለ። «ውድ መንገደኞች፣ ወደ ሽሉዝ እየገባን ነው» የሚለው ድምፅ (ሽሉዝ መርከብን በውሃ የሚያወጣና የሚያወርድ ባለ በር ጓዳ ነው) የሙዚቃ ደራሲው የቦሮዲን ኖክተርን፣ ያ የሌሊት ዜማ፣ መሃል ላይ ሲገባ ለማንም አይጣፍጥም። ጥሩ መርከብ ላይ በኮንሰርት ሰዓት የሳሎኑን ድምፅ ማጉያ ይዘጉታል፤ ካልዘጉት የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሄደሽ በትህትና አመልክቺ፣ ይሰማሉ።

ከሥራዎቹ ውስጥ ሊያመልጡሽ የማይገቡትን ልጥቀስልሽ። የቻይኮቭስኪ የመጀመሪያ ኳርቴት የ1871 ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ከሕዝብ ዘፈን የተነሳ ነው፣ አራቱም ክር ላይ ትንሽ ማፈኛ አድርገው ይጫወቱታል፣ ስለዚህ ከቅርብ ካልሰማሽው አይሆንም። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የቦሮዲን ኖክተርን ከሁለተኛው ኳርቴቱ ነው፣ 1881፤ በቼሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ቫዮሊኑ ይቀበለዋል። ሰውየው መተዳደሪያው ኬሚስትሪ ነበር፤ ሙዚቃ የሚጽፈው ጊዜ ሲተርፈው ነው። የቻይኮቭስኪ የ1882 ትሪዮ (የሦስት ሰው ሥራ) ከ45 ደቂቃ በላይ ስለሚፈጅ አንድ ምሽት ሙሉውን ይወስዳል፤ ቆርጠው አንድ ክፍል ብቻ የሚያሰሙ ከሆነ ሙዚቀኞቹ ልምምድ አልበቃቸውም ማለት ነው፣ አትቆጪ።

ሙዚቃን በመርከብ ይዞ በቮልጋ መውረድ የአስጎብኚ ድርጅቶች ፈጠራ እንዳይመስልሽ። በ1910 ሰርጌይ ኩሴቪትስኪ አንድ መርከብ ተከራይቶ ሙሉ ኦርኬስትራ ጭኖ በቮልጋ ከተሞች እስከ አስትራካን ወርዷል፤ ፒያኖ ላይ የነበረው ራሱ የሙዚቃ ደራሲው ስክሪያቢን ነው። በ1912 እና በ1914 ደገመው። ኩሴቪትስኪ ትቬር አውራጃ ውስጥ ቪሽኒ ቮሎችዮክ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ፣ ኮንትራባስ በመጫወት የታወቀ ሰው ነበር፤ ለጉዞው የሚበቃው ገንዘብ የመጣው ከሻይ ነጋዴ ቤተሰብ ከተወለደችው ሚስቱ በኩል ነው። ኋላ ከ1924 እስከ 1949 የቦስተንን ኦርኬስትራ የመራው እሱ ነው። ልዩነቱን ልብ በዪ፦ በዚያን ጊዜ መርከቡ ሙዚቃውን ለከተማው ሰው ያመጣ ነበር፤ ዛሬ ተሳፋሪው ራሱ አድማጭ ሆኖ ከተማውን እያየ ያልፋል። ለዚህም ነው ያሮስላቭልና ኮስትሮማ ላይ ምሽቱን ወደብ ላይ የሚያድር መርከብ ሲገኝ እጅ በእጅ ያዢው የምልሽ፤ በየከተማው ፊልሃርሞኒያ (የኮንሰርት አዳራሽ) አለ፣ ከአገሩ ሰው ጋር ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ። ነሐሴ ላይ ግን ብዙዎቹ አዳራሾች በእረፍት ላይ ስለሚሆኑ ፕሮግራማቸውን አስቀድመሽ ኢንተርኔት ላይ ፈልጊ።

ሽሉዝ ያልኩሽን ላስረዳ፤ የመጀመሪያው ሌሊት በሙሉ እሱ ነውና። ከሞስኮ ሰሜን ወደብ ስትነሺ ያለሽው ቮልጋ ላይ አይደለም፤ ከ1932 እስከ 1937 በእስረኞች ጉልበት የተቆፈረ 128 ኪሎ ሜትር ቦይ ላይ ነሽ። የቦዩ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል 162 ሜትር ነው፤ ዱብና አጠገብ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ 124 ሜትር። ይህን 38 ሜትር መርከቡ በአምስት ደረጃ ይወርዳል፣ ዱብና ላይ በስድስተኛው ሽሉዝ ሌላ 11 ሜትር ወርዶ ቮልጋ ላይ ያርፋል። ለመውረድ ፓምፕ የለም፤ ከኋላ ያለው በር ተዘግቶ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይለቀቃል። ፓምፖቹ የሚሠሩት ለሌላ ነው፦ ሞስኮ የምትጠጣው ውሃ አንዱ ክፍል ከቮልጋ በዚያው ቦይ ወደ ላይ ተገፍቶ ይመጣልና በአምስቱም ደረጃ አጠገብ የፓምፕ ጣቢያ አለ።

አንዱን ሽሉዝ ነቅተሽ ካፒቴኑ ካለበት ፊት ለፊት ቆመሽ እዪው። ጓዳው 290 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሜትር ስፋት ነው። መርከቡ ቀስ ብሎ ይገባል፣ መርከበኛው ገመዱን ግድግዳው ውስጥ ባለ ቦይ ላይ በሚንሳፈፍ ብረት ላይ ይጥላል፣ ውሃው ሲወርድ ብረቱም አብሮ ይወርዳል። ብረቱ ከመንገዱ ጋር ሲፋተግ ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፤ ቼሎ የተማረ ሰው ወዲያው አንገቱን ያዞራል። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፣ የጉድጓድ ሽታ ይሸታል፤ ከዳር የነበሩት ሰዎች ከጭንቅላትሽ በላይ ይሆናሉ። ሁሉም ነገር ከመግባት እስከ መውጣት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ያህሮማ ላይ ያለው ቁጥር 3 ሽሉዝ ከማማዎቹ አናት የመዳብ መርከቦች አሉት፣ የኮሎምበስን «ሳንታ ማሪያ» አስመስለው የሠሯቸው። ስትሄጂ ሌሊት ሊሆን ስለሚችል መልስሽ ላይ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ከመቀበያዋ ጠይቂ።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ካልያዚን ጋ አንድ የደወል ማማ ከውሃው መሃል ብቻውን ቆሞ ታያለሽ። በ1800 ነው የተሠራው፣ ቁመቱ ከ70 ሜትር በላይ ነው፤ የኡግሊች ግድብ ሲሞላ የድሮው ከተማ ክፍል ተዋጠ፣ ማማው ቀረ። መርከቡ አይቆምም፤ የሚያልፍበትን ሰዓት ግን ያስታውቃሉ።

ኡግሊች የምትደርሺው ነሐሴ 13 ነው፣ በፈረንጁ 19፤ ማለትም በእኛ ቡሄ፣ በእነሱም ደብረ ታቦር። ቀኑ አንድ ነው። እኛ ጅራፍና ሙልሙል ስንል እነሱ ፖም ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ያስባርካሉ፤ ስለዚህ «የፖም በዓል» ይሉታል። ቅዳሴው ጠዋት አልቋል፣ አንቺ ከሰዓት ነው የምትወጪ። ክሬምሊኑ (የከተማው የድሮ ምሽግ) ከወደቡ ብዙ አይርቅም፤ መንገዱ በሙሉ መታሰቢያ ዕቃ የሚሸጥበት ድንኳን ነው፣ ስትመለሺ እዪው፣ ስትሄጂ አትቁሚ። መጀመሪያ ወደ ካቴድራሉ ግቢ፤ ስሙም ደብረ ታቦር ነው፣ በ1713 ተሠራ፣ ውስጡ ጣሪያውን የሚሸከም ምሰሶ የለውም። እዚያ ለጎብኚ አራት አምስት ወንዶች ቆመው ያለ መሣሪያ ይዘምራሉ፣ አሥር ደቂቃ ያህል። የእኛ ማህሌት ያለ ከበሮና ጸናጽል አይሆንም፤ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚገባው። ምሰሶ ስለሌለ ድምፁ ከመሃል ወጥቶ ከጣሪያው ላይ አንድ ሆኖ ይመለሳል። ቡድኑ ከፊት ሲሰለፍ ሰው ሁሉ ወደፊት ይጋፋል፤ አንቺ ወደ ኋላ፣ ከመሃል ቁሚ።

ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር፣ ቀይዋን የድሜጥሮስ ቤተ ክርስቲያን። በ1591 የዛር ኢቫን አስፈሪው ትንሽ ልጅ ድሜጥሮስ እዚያ ሞተ፤ ደወል ተደወለ፣ ሕዝቡ ተነሳ፣ ሰው ተገደለ። ቅጣቱ ለሰዎቹ ብቻ አልሆነም። ደወሉን አወረዱት፣ ምላሱን ነቀሉት፣ «ጆሮውን» ቆረጡት፣ ገርፈውም ወደ ሳይቤሪያ ወደ ቶቦልስክ አጋዙት። የተመለሰው በ1892 ነው። ውስጥ ተሰቅሎ ታገኚዋለሽ፤ ከምትጠብቂው ያንሳል።

ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ነጠላሽን ልበሺ፤ እነሱም ራስ ይሸፍናሉ። ጫማ ግን አይወልቅም፤ ከልማድ አውልቀሽ በሩ ላይ እንዳትተዪው።

ያሮስላቭል ትልቅ ከተማ ነው፣ በ1010 የተመሠረተ፣ ቀን ሙሉ ይበቃዋል። የአውቶቡስ ጉብኝቱን ተዪውና በወንዙ ዳር በእግርሽ ሂጂ። እዚያው ዳርቻው ላይ «ሙዚቃና ጊዜ» የሚባል ሙዚየም አለ፤ በ1993 በግለሰብ የተከፈተ ነው፤ ደወል፣ ግራሞፎን፣ የሚዘፍን ሣጥንና ሰዓት ተሰብስቦበታል። ልዩ የሚያደርገው ዕቃዎቹን አስነስተው ማሰማታቸው ነው። የግለሰብ ስለሆነ በመርከቡ ጉብኝት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይካተትም፣ በራስሽ ሂጂ። ቴኖር ዘፋኙ ሶቢኖቭ የዚህ ከተማ ልጅ ነው፣ 1872።

ኮስትሮማ የምትደርሺው ነሐሴ 16፣ ጾሙ የሚፈታ ዕለት ነው። መልካም አጋጣሚ፤ ከተማዋ በአይብ የታወቀች ናት፣ መሃል ካለው የድሮ ገበያ ግዢ። በ1613 ሚካኤል ሮማኖቭ ንግሥናውን የተቀበለው ኢፓቲየቭ ገዳም ውስጥ ነው። ገዳሙ ከወደቡ በእግር አይጠጋም፤ ታክሲ ያዢ፣ ለመመለሻ አንድ ሰዓት አትርፊ። የግሊንካ የ1836 ኦፔራ ታሪኩ ከዚሁ አገር ገበሬ ከሱሳኒን ነው፤ መጀመሪያ «ሕይወት ለዛር» ተባለ፣ በሶቪየት ጊዜ በ1939 «ኢቫን ሱሳኒን» ተብሎ ተመለሰ። የኮስትሮማው ምሽት ኮንሰርት በዚህ ኦፔራ መዝጊያ መዝሙር ካላለቀ ይገርመኛል።

ከሁሉም ግን ፕሊዮስን ነው የምጠብቅልሽ። ወደ ሁለት ሺህ ሰው የሚኖርባት፣ አንድ የወንዝ ዳር መንገድና ዳገት ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ሠዓሊው ሌቪታን ከ1888 ጀምሮ ሦስት በጋ እዚህ ከርሟል። አብዛኛው ተሳፋሪ አስጎብኚውን ተከትሎ ወደ ሌቪታን ሙዚየም ይጎርፋል፤ አንቺ መጀመሪያ ዳገቱን ውጪ፣ የበርች ዛፎቹ መካከል ያለውን መንገድ ይዘሽ። ከላይ ስታዪ ቮልጋ ይታጠፋል፣ መርከብሽ ከስርሽ የክብሪት ሣጥን አክላ ትታያለች፣ ጣሪያዎቹ ዝገት መስለዋል። ጠዋት ከሆነ ከወንዙ የሚነሳው ጭጋግ እስከ ወገባቸው ይሸፍናቸዋል። ከዚያ ወርደሽ ሙዚየሙ ውስጥ ሥዕሎቹን ብታዪ ከየት ሆኖ እንደሣላቸው ታውቂዋለሽ። ዳርቻው ላይ ሴቶች በጭስ የደረቀ ዓሣ ይሸጣሉ፤ የፕሊዮስ ዋና ምግብ እሱ ነው፤ ጾሙ ገና ካልተፈታ ጠቅልለሽ ያዢ፣ ግን በሦስት ድርብ ፕላስቲክ፤ አለዚያ የክፍል ጓደኛሽ ይፈርድብሻል።

ቱታዬቭ የሁለት ዳር ከተማ ናት፣ በመሃሏ ድልድይ የላትም፣ በጀልባ ነው የሚሻገሩት። በስተግራ ስትወርዱ የሚታየውን ትተሽ በስተቀኝ ዳር ያለውን የትንሣኤ ካቴድራል እዪ፤ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሚጠጋ የመድኃኔዓለም ሥዕል አለ፣ ምእመናን ከስሩ በጉልበታቸው ያልፋሉ። ሚሽኪን ላይ የአይጥ ሙዚየም አለ። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ምን ሊበላሽ ይችላል? አንደኛ ነፋስ። ከኡግሊች ወርደሽ ሪቢንስክ ስትቃረቢ የምትነኪው ማጠራቀሚያ ከ1941 ጀምሮ ተሞልቶ ሞሎጋ የምትባለውን ከተማ በሙሉ የዋጠ፣ ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ባሕር፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ስድስት ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ቁልቁል ይሆናል፣ መርከቡን ይመታዋል። ካፒቴኑ መጠበቅ ከመረጠ አትማረሪ። ሁለተኛ ጭጋግ። ከነሐሴ ማለቂያ ጀምሮ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወንዙ ይጨሳል፣ መርከቡ መልሕቅ ጥሎ እስኪገለጥ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ከሚቀጥለው ከተማ ነው የሚቀነሰው፣ ሽሉዙ ተራውን አይጠብቅምና። ሦስተኛ የውሃ ማነስ። አንቺ እዚያ አትደርሺም፤ ግን ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከተማ የሚሄድ ጉዞ ካየሽ እወቂው፦ ከጎሮዴትስ ግድብ በታች ውሃው ስለሚያንስ ትላልቅ መርከቦች የሚያልፉት ከግድቡ ውሃ በሚለቀቅባቸው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ብዙ ኩባንያ ጎሮዴትስ ላይ አውርዶ በአውቶቡስ ይወስዳል፤ ውሉ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል።

አራተኛው የውሃ ነገር አይደለም፣ የጎረቤት ነው። ወደቡ ሲጠብ መርከቦች ጎን ለጎን ይታሰራሉ፣ አንዳንዴ ሦስት አራት። ወደ ምድር የምትወጪው በሌሎቹ መርከቦች መቀበያ አዳራሽ እያቋረጥሽ ነው፣ መስኮትሽ ፊት የሌላ ሰው መስኮት ይሆናል። በዚህኛው ሳሎን ኳርቴት እየተጫወተ በዚያኛው ደርብ ላይ ዲስኮ ሊኖር ይችላል። መፍትሔ የለውም፤ ለዚህም ነው ኮንሰርቱ መርከቡ ከተነሳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተመደበበትን ጉዞ ፈልጊ የምልሽ። ሲነሳ ደግሞ በድምፅ ማጉያ የ1912ቱን የአጋፕኪንን የስንብት ማርሽ ያጫውታሉ፤ በየወደቡ፣ በየመርከቡ። ሦስተኛው ቀን ላይ በቃልሽ ታውቂዋለሽ።

ከመርከብ ስትወጪ ቁልፍሽን አስረክበሽ የመሳፈሪያ ካርድ ትቀበያለሽ። ካርዱ ካልተመለሰ ሰው እንደጎደለ ያውቃሉ፣ ስምሽን ይጠሩሻል፣ ግን አይጠብቁሽም። ስለዚህ የመርከቡን ስልክና የሚቀጥለውን ወደብ ስም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፤ በስልክሽ ላይ ብቻ አትመኪ፣ በመንገድ ላይ ኢንተርኔት የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የኢሚግሬሽን ካርድና የምዝገባ ወረቀትሽን ዋናውን ያዢ፤ ከመነሳትሽ በፊት ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ የጉዞሽን ቀን አስታውቂ። የሩሲያው የባንክ ካርድሽ፣ ሚር የሚሉት፣ በመርከቡና በከተማ ይሠራል፤ ለዳርቻ ሴቶች ግን ባለ 100 እና ባለ 200 ሩብል ዝርዝር ያስፈልግሻል።

የጾሙን ነገር ቲኬቱን ስትቆርጪ ነው የምትናገሪው፣ ከተሳፈርሽ በኋላ አይደለም፤ ወጥ ቤቱ የሚገዛው ሞስኮ ላይ ነው። «ፖስትኖዬ ሜኑ» (የጾም ምግብ) በያቸው፣ ቀጥለሽ «ቤዝ ሪቢ» (ያለ ዓሣ) ማለትን አትርሺ፤ ብዙ ወጥ ቤት ጾም ሲሉት ዓሣ ያቀርባል። ባክዊት የሚባል እህል፣ እንጉዳይና የጎመን ሾርባ ይሰጡሻል። በርበሬ ያዢ፣ ያስፈልግሻል።

ልብስ፦ ነሐሴ መሃል ቀኑ ይሞቃል፣ ምሽት ግን መርከቡ ሲሄድ ነፋሱ ይወጋል። ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ወፍራም ካልሲ ይበቃል። ለኮንሰርቱ ጥሩ ልብስ ይለብሳሉ፣ ግን ተረከዝ ያለው ጫማ ለብረት ደረጃው አይሆንም። የወባ ትንኝ ባይሆንም ትንኝ አለ፤ ሽሉዝ ስትጠብቁ ይሰበሰባል፣ ቅባት ያዢ።

እናትሽ ከኮስትሮማ የተልባ ጨርቅ የጠረጴዛ ልብስ ትፈልጋለች። እኛ ተልባን የምናውቀው ለመጠጥ ነው፤ እነሱ ከግንዱ ክር ያወጣሉ፣ ከተማዋም በዚህ ታወቀች። ለስድስት ሰው ጠረጴዛ ነው፤ ርዝመቱን በአንድ ክንድ አትገምቺ፣ 2 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ50 በያቸው። ቀድሞ የታጠበ መሆኑን ጠይቂ፤ ያልታጠበ ከሆነ በመጀመሪያው እጥበት ያጥራልና በቁመቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሪበት።

አባትሽ
አዲስ አበባ